ጠመኔው ያልከበበው

«ብረቱን የበየደችው እሷ አይደለችም እንዴ?»

ልጅቷ ሻይ የደረደረችበትን ትሪ እንደያዘች በሩ ላይ ደርቃ ቀረች። የተናገረችው ጎረቤታቸው ናት፤ ሹክሹክታዋ ከሌላው ሰው ጩኸት ይብሳል።

«ምን ማለትሽ ነው?» አለች አክስቷ።

«እኔ ምን አልኩ? ሰው የሚለውን ነው። ሴት ልጅና ብየዳ…»

«እርስዎም ምላስዎን ቢያስበይዱ ደግ ነበር» አለች ልጅቷ፣ ብርጭቆውን ሴትዮዋ ፊት እያስቀመጠች። «ይጠጡ፣ ይቀዘቅዛል።»

ታላቅ ወንድሟ አዲስ የሠራትን መኪና ሊሞክር ዳገት ላይ ወጥቶ፣ ተገልብጦ ከሞተ ሦስተኛ ቀኑ ነው። እስካሁን እንባ ጠብ አላላትም። የሱን የሥራ ጃኬት ለብሳ፣ ሴትዮዋ የጠየቀችውን እሷም ራሷን እየጠየቀች ትዞራለች።

እሷና ወንድሟ በጋራዣቸው፣ መንገድ በሌለበት ለሚነዱ ሰዎች «ጎጆ» ይሠሩ ነበር፤ መኪናው ሲገለበጥ ጣሪያው ሰው እንዳይጨፈልቅ ከውስጥ የሚበየድ የብረት ቱቦ። ሙያውን ያስተማራት የለም፤ እያየች፣ በውዳቂ ብረት እየሞከረች ለመደችው። ወንድሟ የሚፈትናት በአንድ መንገድ ብቻ ነበር። ብየዳዋን በጣቱ ይዳስስና ጉድለት ያገኘበትን በጠመኔ ይከብበዋል። አንድ ቃል አይጨምርም። እሷ እየተራገመች ትሞርዳለች፣ እንደገና ትበይዳለች።

የገዛ መኪናውን ጎጆ ግን ሙሉ በሙሉ ለሷ ተወላት። ስትጨርስ ከጫፍ እስከ ጫፍ ዳሰሰና ጠመኔውን መልሶ የጃኬቱ ኪስ ከተተ።

«ምነው ወንድም ጋሼ፣ ጠመኔው አለቀ?»

«ዛሬስ ሥራ አስፈታሽው።»

«እንግዲህ ብትገለበጥ እንኳ አልጋህ ላይ እንደተኛህ ቁጠረው!»

«ቀበቶ ለፈሪ ነው በይኛ» ብሎ ሳቀ። እሷም ሳቀች።

ልጅቷ ትሪውን አስቀምጣ ወደ ውጭ አመራች። አክስቷ ተከትላት ወጣች።

መኪናዋ ተጎትታ የመጣችው ወደ ጋራዡ ግቢ ነው። የጣሪያው ቆርቆሮ እንደ ወረቀት ተጨማዷል። ልጅቷ በተሰበረው መስኮት ሾልካ ገባችና እንደሱ በጣቷ መዳሰስ ጀመረች። አንድ መጋጠሚያ ከለቀቀ ወንድሟን የገደለችው እሷ ናት። የፊቱን፣ የጎኑን፣ የኋላውን። እስትንፋሷን ይዛ ሁሉንም ሁለት ሁለት ጊዜ ዳሰሰች።

«ልጄ? ለቋል እንዴ?» አለች አክስቷ ከውጭ።

«አንድም! አክስቴ፣ አንድም አለቀቀም!»

በገዛ ድምፅዋ ውስጥ ደስታ ሰማች፤ ደነገጠች።

«ታዲያ ምን ገደለው?»

ያኔ የሹፌሩን ወንበር አየች። ራሷ የገጠመችው አዲስ የደህንነት ቀበቶ በፋብሪካ ላስቲኩ እንደተጠቀለለ ነው። አንድም ቀን አልተሳበም። ሐኪሙ «ጭንቅላቱን ነው» ያለው አሁን ገባት፤ ከወንበሩ ተወርውሮ የተጋጨው እሷ ከበየደችው፣ ንቅንቅ ካላለው ብረት ጋር ነው።

«ልጄ፣ ምን ገደለው እያልኩሽ?»

ልጅቷ እጇን ጃኬቱ ኪስ ውስጥ ከተተች። ጠመኔው እዚያው ነበር። ተንበርክካ፣ ጥቁሩ ወንበር ላይ፣ ያልተነካውን የቀበቶ መቆለፊያ ዙሪያውን ከበበችው። ጫፍና ጫፉን ለማገናኘት እጇ ሁለት ጊዜ እምቢ አላት። በሦስተኛው ገጠመ።

እንደሱ፣ አንድ ቃል አልጨመረችም።