ለእታለም የተባለው ምድር ቤት

የፍኖተ ሰላም ሰው እጅጉን «የኔታ» የሚለው በከንቱ አልነበረም። በወጣትነቱ ቅኔ ቤት ገብቶ ተቀኝቷል፤ ኋላም እስከ ጡረታው ድረስ የከተማውን ልጆች አማርኛ አስተምሯል። ከጡረታ ወዲህ ደግሞ የእድሩም፣ የሠርጉም፣ የሽምግልናውም አንደበት እሱ ሆነ። በዚያ አገር በአደባባይ ክርክር የሚረታው ማስረጃ ያቀረበ ሳይሆን ጉባኤውን ያሳቀ ነው፤ ሰው አንዴ ከሳቀ በኋላ የሳቀበትን ነገር መልሶ አይመረምርምና። እጅጉ ይህን ከማንም በላይ ያውቅ ስለነበር፣ ክርክር ሲጠራ የሚያጠናው ጉዳዩን ሳይሆን ተከራካሪውን ነበር።

ባለቤቱ እታለም ከወገቧ በታች መንቀሳቀስ ከተሳናት ቆይቷል። ቤታቸው ከአስፋልቱ ዳር፣ ከከተማው አዳራሽ ፊት ለፊት ያለች አሮጌ የጭቃ ቤት ናት። ጠዋት ደጃፉ ላይ ካስቀመጧት እታለም እስኪመሽ ከዚያ አትነሣም። እንዝርቷን እያሾረች ከደምበጫ የሚመጣውን አውቶቡስና ወደ ቡሬ የሚከንፈውን ሚኒባስ ትቃኛለች። ገበያተኛው «እትዬ እታለም፣ እንዴት አደሩ?» ሳይላት አያልፍም። ማን እንደወለደች፣ ማን ከማን እንደተኳረፈ፣ በቆሎው እንዴት እንደዋለ ከተማው ከመስማቱ በፊት እሷ ሰምታ ታድራለች። እግሯ ከከዳት ወዲህ የቀራት ዓለም ያቺ ደጃፍ ነበረች።

ያቺ ደጃፍ ልትፈርስ ነው። በመንገዱ ዳር ባለው የቤቶች ረድፍ ላይ አንድ የአክሲዮን ማኅበር ስምንት ፎቅ ኮንዶሚኒየም ሊሠራ ተፈቅዶለታል፤ ለሚነሡት ነዋሪዎች ከሕንጻው መኖሪያ ይሰጣቸዋል ተብሏል። የማኅበሩ ሥራ አስኪያጅ ስመኘው፣ ሕዝባዊ ውይይት በተጠራበት ሳምንት፣ ባርኔጣውን በእጁ ይዞ እጅጉ ደጅ መጣ።

«የኔታ፣ ከተማው አንድ መስፈርት ይዞ ፈናፈኛ አሳጣን። ለሕዝብ ቀርቧል፤ ሕዝቡ ይነሣ ካለ ይነሣል። እርስዎ አንዲት ቃል ጣል ቢያደርጉልን ያለቀለት ነገር ነው።»

«ለእኛስ ምን ጠብ ይላል?»

«ምድር ቤቱ ነዋ! ከመሬት እኩል፣ በሩ ወደ አስፋልቱ። እትዬ እታለም እንደ ዛሬው ከደጃፋቸው ላይ ይቀመጣሉ። ቃሌ ነው።»

«መስፈርቱ ምን ይላል?» አለች እታለም እንዝርቷን ሳታቆም።

«ኧረ ተራ ነገር ነው፣ እትዬ። የመሐንዲስ ጣጣ።»

ስመኘው ከሄደ በኋላ ባሏን ቀና ብላ አየችው። «ከመናገርህ በፊት ጠይቅ፣ እሺ? ጆሮህንም እንደ አፍህ ሥራ ስጠው።»

«ሴትዮ፣ ስንት ጉባኤ ያንበረከክሁ ሰው ነኝ እኮ!»

«እሱማ ጉባኤውን ነው።»

የውይይቱ ቀን አዳራሹ ጢም አለ። ውስጥ ቦታ ያጣው እንዲሰማ ሞንታርቦ በጣሪያው ላይ ተሰቅሏል። መስፈርቱን ለማስረዳት የተነሣችው የከተማው ፕላን ባለሙያ ፍሬሕይወት ነበረች፤ የማንኩሳ ገበሬ የባንተአምላክ ልጅ፣ የእጅጉም የቀድሞ ተማሪ። መድረክ ላይ ከመውጣቷ በፊት ወደ እጅጉ ሄዳ ጎንበስ ብላ እጅ ነሣች። ከዚያ የሕንጻውን ሥዕል በግድግዳው ላይ ዘረጋች።

«ከአራት ፎቅ የዘለለ መኖሪያ አሳንሰር ይገጠምለት ይላል መስፈርቱ» አለች። «ማኅበሩ አልገጥምም ካለ ደግሞ፣ ከመሬት እኩል ያለው ወለል ለሱቅ አይሸጥም፤ እግራቸው ለማይታዘዝላቸውና ለአዛውንት መኖሪያ ይሆናል። ከሁለቱ አንዱ የግድ ነው። ይህ ዛሬ ከተነሣ፣ ነገ ለእነዚህ ሰዎች ተከራክሮ ከመሬት እኩል ቤት የሚያስገኝላቸው የለም።»

እጅጉ ፊተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጦ ቤት እየመታ ነበር። ከንግግሯ ሁሉ ለቀልድ የምትሆነውን ብቻ መዝዞ ወሰደ፤ የቀረው በጆሮው በኩል እንደ ነፋስ አለፈ። እሱ ያየው በጣቷ ላይ ቀለበት አለመኖሩን ነው። ትዳሯ መፍረሱን ከተማው ያውቃል። ድምፅ ማጉያውን ሲቀበል፣ ገና ሳይናገር ሰዉ ፈገግ አለ።

«ልጄ ፍሬሕይወት፣ እውነቷን ተናገሪ። ከማንኩሳ ተነሥተሽ ዩኒቨርሲቲ ስትወጪ ሊፍት ማን ገጠመልሽ?»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ።

«እግሩ ለከዳውማ ምን ያስጨንቃል? አንዴ ተሸክሞ ማውጣት ነው፤ መውረድ አያምረው! ለሰማይም ይቀርባል! ወገኖቼ፣ ለአንካሳ የተሠራ ከተማ ራሱ ያነክሳል።»

ከኋላ የተቀመጡት ጉልበታቸውን እየመቱ ሳቁ። የሰውዬው ሚስት ከመንገዱ ማዶ እንደምትሰማ ትዝ ያላቸው አልጠፉም፤ ቢሆንም ሳቃቸውን አልዋጡትም። ፍሬሕይወት ልትመልስ ከንፈሯን አላቀቀች። በመስኮቱ ወደ መንገዱ ማዶ አየች፤ ከዚያም የኔታዋን አየችና ዝም አለች። እጅጉ ዝምታዋን ሲያይ ጨከነ።

«ደግሞስ» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ትዳሯን ሁለት ዓመት ማቆም ያቃታት ልጅ ናት ስለ ስምንት ፎቅ አቋቋም የምታስተምረን?»

ከዚያ በኋላ ክርክር አልነበረም። መስፈርቱ ይነሣ የሚል እጅ ያውጣ ሲባል እጁ እንደ ጤፍ ማሳ ወጣ። ፍሬሕይወት ሥዕሏን ጠቅልላ በጎን በር ስትሄድ አንዱ ጎረምሳ «እህቴ፣ በሊፍት ውረጂ!» ብሎ ጮኸባት።

እጅጉ ትከሻው እየተመታ መንገዱን ተሻገረ። እታለም ደጃፉ ላይ ነበረች፤ እንዝርቷ ጭኗ ላይ ተጋድሟል።

«ሰማሽ?»

«ሰማሁ።»

«እንዴት ነበር?»

«አሳቅሃቸው።»

«አንቺን ማለቴ እንዳይመስልሽ።»

«አውቃለሁ» አለች። «እኔን አስበህ ቢሆን ኖሮ አትለውም ነበር።»

ቤቷ ፈረሰች። ሕንጻው እስኪያልቅ በጓሮ መንደር፣ መንገድ በማይታይበት የኪራይ ክፍል ተቀመጡ። ቁልፍ በሚሰጥበት ቀን እጅጉ ካባውን ለብሶ ሲሄድ፣ ከመሬት እኩል ያለው ወለል ከጫፍ እስከ ጫፍ መስታወት ተገጥሞለት አገኘው፤ የጫማ መደብር፣ ፋርማሲ፣ የሞባይል መሸጫ። ስመኘው ቁልፉን በእጁ አኖረለት።

«አምስተኛ ፎቅ ነው የደረሳችሁ፣ የኔታ። አየሩ መድኃኒት ነው።»

«ቃልህስ?»

«ቃሌማ ከልቤ ነበር። ግን ባለ አክሲዮኖቹ ምድር ቤቱን ለሱቅ እንሽጠው ሲሉ በምን ልያዛቸው? መስፈርቱ ቢኖር ‹ከተማው ከለከለን› እላቸው ነበር። ሕዝቡ ነው ያነሣው።» ከዚያም በአክብሮት ጨመረ፦ «እርስዎ ነዎት ያስነሡት።»

በማግስቱ እጅጉ ሚኒባስ ተሳፍሮ ቡሬ ወረደ። ፍሬሕይወት ከዚያ ስብሰባ በኋላ ወደዚያ ተዛውራ እንደምትሠራ ሰምቷል። ሲገባ ብድግ ብላ የራሷን ወንበር ለቀቀችለት፤ ሻይም አስመጣችለት። የመጣበትን ነገር ዙሪያውን እየዞረ፣ በምሳሌና በተረት እያስዋበ ተናገረ። እስኪጨርስ አዳመጠችው።

«ለሚመጣው ሕንጻ መስፈርቱን መመለስ ይቻል ይሆናል፣ የኔታ። ላለቀው ግን አይደርስም።»

«ልጄ፣ እታለም እኮ መራመድ አትችልም።»

«አውቃለሁ። ያን ቀን ስናገር በመስኮቱ እያየኋቸው ነበር። እትዬ እታለምን ብዬ ነው የተሟገትሁ። ስማቸውን ልጠራ አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ተማሪ የኔታውን በአደባባይ አያሳፍርም ብዬ ዋጥሁት።»

እጅጉ ይቅርታ ሊጠይቅ ፈለገ። ነገር ግን በሰባ ዓመቱ ያንን ቃል የሚያወጣበት ልማድ አልነበረውም፤ በምትኩ የመጣለት ስለ ቡሬና ስለ ፍኖተ ሰላም ሰዎች የሚነገር አንድ ቀልድ ነበር። ጀመረው። ፍሬሕይወት በትሕትና፣ ፊቷ ሳይፈታ፣ እስከ መጨረሻው ጠበቀችው።

«ሚኒባሱ እንዳያመልጥዎ» አለችው።

የኪራይ ቤቱ ባለቤት ክፍሉን ለሌላ ሰጥቶታልና መግባት ግድ ሆነ። አራት ጎረምሶች እታለምን ከነወንበሯ አነሡ። የሕንጻው ደረጃ ጠባብ ነው፤ በየመታጠፊያው ወንበሩን አጋድለው፣ እግሯን ከግድግዳ እያጋጩ አለፉ። ፎቅ በጨመረ ቁጥር የመንገዱ ድምፅ እየራቀ ሄደ። እታለም አልጮኸችም። ከሦስተኛው ፎቅ በላይ፣ በግድግዳው ክፍተት አስፋልቱ በሚታይበት መታጠፊያ ላይ ጎረምሶቹ ቆሙ። ላባቸው ይንጠባጠባል።

«የኔታ፣ ደከመን» አለ አንዱ። «አንዲት ጨዋታ ጣል ያድርጉልን እንጂ!»

እጅጉ ከፊት ከፊት እየወጣ ነበር። ዞር አለ። አራት ፊት ወደ እሱ ቀና ብሎ ሲጠብቅ ባየ ጊዜ፣ ዕድሜ ልኩን ሲታዘዘው የኖረው ነገር እንደገና ታዘዘው።

«ምን ዋጋ አላችሁ!» አለ። «በሠርጋችን ቀን አንዲት በቅሎ ብቻዋን ነው ያመጣቻት። ዛሬ አራት ሆናችሁ አቃታችሁ?»

ጎረምሶቹ በሳቅ ፈነዱ። ከኋላ የያዘው ጎረምሳ እጅ ላላ፤ ወንበሩ ወደ ደረጃው ቁልቁል ዘመም አለ። እታለም በሁለት እጆቿ የደረጃውን ብረት ለቀም አደረገች። ወንበሩን አቃኑት፤ እሷ ግን ብረቱን አልለቀቀችም።

«እዚህ ተዉኝ» አለች። «ከዚህ መንገዱ ይታየኛል።»

«እታለም፣ መተላለፊያ እኮ ነው።»

«ይለፉኛ። አላፊ አግዳሚ አይቼ ነው የኖርሁ።»

ከላይም ከታችም ዕቃ የያዙ ሰዎች ተከማቹ። «ምንድን ነው የቆማችሁት? አሳልፉን እንጂ!» ይላሉ። እጅጉ ሊናገር አፉን ከፈተ፤ ሁሉም ሊስቅ ተዘጋጅቶ ጠበቀው። ከሚስቱ ፊት ተንበረከከና ጣቶቿን ከብረቱ ላይ ያላቅቅ ጀመር። አንዷን አላቅቆ ወደ ሁለተኛዋ ሲሄድ፣ የፊተኛዋ ተመልሳ ትጨብጥ ነበር። እታለም አታየውም፤ በክፍተቱ ወደ ታች፣ ወደ አስፋልቱ ነው የምታየው። እሱም ጨክኖ ጎተተ፤ የአንዷ ጣት አጥንት ቀጭ ሲል ሁሉም ሰማ።

«በርታ ይበሉ እንጂ፣ የኔታ» አለ ከኋላ የያዘው። «ክንዳችን ዛለ።»