አሥራ ሦስቱ ዓመት

«ይቺን ብቻ አንብቢ፤ ከራስሽ አትጨምሪ» አሉ ጋሽ ጀማነህ፣ የታጠፈ ወረቀት እያቀበሏት።

ሐምራዊት ቆማ አነበበችው። የአባቷ የሕይወት ታሪክ ነው። በቀብሩ ቀን ብርዱ ሰው አላስቆም ስላለ ለሠልስቱ ተላልፎ፣ ዛሬ ከጸሎቱ በኋላ ለለቀስተኛው ሊነበብ ነው። መሪጌታ ሩፋኤል ተወለዱ፣ ዜማ ተማሩ፣ አሜሪካ፣ ኮሎምበስ ገቡ፣ «ደብራችንንም እስከ ዕለተ ሞታቸው በቅንነት አገለገሉ።»

«እስከ ዕለተ ሞታቸው?»

«እህስ።»

«አሥራ ሦስቱን ዓመት የት ጣላችሁት፣ ጋሼ?»

ጋሽ ጀማነህ የደብሩ ሰበካ ጉባኤ ሊቀ መንበር ናቸው። ዞር ብለው ሳሎኑን አዩ። ከክሊቭላንድ አቬኑ ጀርባ ያለችው የኪራይ ቤት በሰው ታፍናለች። «ልጄ፣ ለቅሶ ቤት ነው። የቆየ ቁስል አይነካካም።»

«የአባቴ ቁስል እርስዎን ምን አመመዎት?»

«ኧረ የዚች ልጅ ምላስ!» አሉ ጎረቤቷ እትዬ ማዘንጊያ፣ ንፍሮ እየዘገኑ ሲያድሉ።

ሐምራዊት ወረቀቱን ይዛ ደረጃው ላይ ተቀመጠች።

ደብሩ ለሁለት ሲከፈል አሥራ አንድ ዓመቷ ነበር። አንዱ ወገን በዚህኛው ጳጳስ እንመራ አለ፣ ሌላው በዚያኛው። ሁለቱም የፊርማ ወረቀት ይዘው ቤት መጡ። አባቷ ሁለቱንም አጣጥፎ መለሰላቸው። «እኔ የተማርኩት ለመዘመር ነው፤ ለመፈረም አይደለም» አለ። እነዚህ የእነዚያ ሰላይ ነው አሉት፤ እነዚያም የእነዚህ። በሦስተኛው እሑድ ከማሕሌቱ በር ማንም ግባ ሳይለው ተመለሰ።

ከዚያ ወዲያ አምስቱን ቀን ኦቤትስ ባለ የዕቃ መጋዘን ሣጥን ሲያነሣ ይውላል። ቅዳሜ ግን ሥራ ፈትቶ፣ ሲያስተምራቸው የነበሩትን ልጆች ስም እየጠራ ቤት ውስጥ ይንቆራጠጣል። አንድ ቀን ሙስሊሟ የቅመማ ቅመም ባለሱቅ ፍርዶስ ቴክስት አደረገችለት። «መሪ፣ የሱቁ ጓዳ ባዶ ነው። ልጆቹን እዚህ ያስተምሩ። ማንም አይነካዎትም።»

ሦስት ጊዜ አነበበው። ከዚያ ሳቀ፤ ከስንት ወር በኋላ። «ሐምርዬ፣ ነይ እዪ! የብንያም ደብዳቤ መጣልኝ!»

ብንያም በሰባተኛው መቶ ዘመን የእስክንድርያ ፓትርያርክ ነበር። የቢዛንታይን ንጉሥ ሃይማኖቱን ሊያስለውጠው ቂሮስ የሚባል ሹም ሲልክበት ሸሽቶ በላይኛው ግብፅ ገዳማት ተደበቀ። ወንድሙን ሚናስን ይዘው ጎኑን በችቦ አቃጠሉት፤ አልለወጥም ቢል ባሕር ጣሉት። በኋላ ዐረቦች ግብፅን ሲይዙ አዛዡ ዐምር፣ ብንያም ካለበት ይውጣ፣ በሰላም ሕዝቡን ይምራ ብሎ ጻፈለት። ከአሥራ ሦስት ዓመት በኋላ ወደ መንበሩ ተመለሰ። አባቷ ይህን በየቅዳሜው፣ የከሙን ጆንያ ላይ ለተደረደሩት ልጆች ሳይሰለች ይተርከው ነበር።

«ዐረቦቹ ደጎች ነበሩ ማለት ነው?» ብላ ጠየቀችው አንዴ።

«ግብር ማስከፈሉን ግን አልተዉም። በሁለት ንጉሥ መሀል የሚኖር ሰው በር የከፈተለትን ያመሰግናል፤ ቁልፉ የማን እንደሆነ ግን አይረሳም።»

«መሪ፣ ቁልፉማ የባንኩ ነው!» አለች ፍርዶስ ከባንኮኒው። እሷም ከራሷ ሰዎች አፍ አልዳነችም፤ መስጊድ ስትሄድ «ሱቅሽን ደብር አደረግሽው ወይ?» ይሏታል።

«አሥራ ሦስቱን ዓመት ግን ብንያም ምን ሲሠራ ኖረ?» አለች ሐምራዊት።

አባቷ የታሪኩን መጽሐፍ ከደነ። «መጽሐፉ ሸሸ ይላል፣ ተመለሰ ይላል። መሀሉን ዝም ነው።»

መሀሉን እሷ ታውቀዋለች። እሑድ ጠዋት አባቷ ወጥ ቤቱ መስኮት ላይ ቆሞ፣ በእግሩ ጣት ወለሉን እየመታ፣ «ይሄኔ ከማሕሌቱ እስመ ለዓለም ላይ ደርሰዋል» ይላል። ጥቂት ይቆይና፣ «ፈጠኑ ዛሬ።»

ሁለቱ ወገኖች የታረቁ ጊዜ ነጭ ልብሱን ተኩሶ ወንበር ላይ ሰቀለ። ማንም ኮል አድርጎ ና አላለውም። እነዚህ፣ የእነዚያ ሰው ስለሆነ እነሱ ይጥሩት አሉ፤ እነዚያም እንደዚያው። ልብሱ ወንበሩ ላይ አቧራ ጠጣ።

«ያቺ ባለሱቋ ዛሬም መኪናዋ ውስጥ ናት» አሉ እትዬ ማዘንጊያ ደረጃው ሥር መጥተው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ሦስት ቀኗ። ምናለ ብትገባ?»

«የመጀመሪያው ቀን ስትገባ ሁላችሁም ዝም አላችኋ! እንዳይከብዳችሁ ብላ ነው። የሚያድሉት ስንዴና ሽንብራ ከማን ሱቅ የመጣ መሰለዎት?»

የእትዬ ማዘንጊያ እጅ ሳህኑ ላይ ቀረ። «ጥሬውን ነው ያመጣችው?»

«ጥሬውን። አብስላ ብታመጣ እንደማትነኩት ታውቃለቻ።»

እትዬ ማዘንጊያ ሳህኑን አዩት። ከዚያ አንድ ፍሬ አንሥተው ቀስ ብለው አኘኩ።

ሐምራዊት እስክሪብቶ ለምና የወረቀቱን ጀርባ ሞላችው። ጸሎቱ ሲያልቅ ተነሥታ የጋሽ ጀማነህን ጽሑፍ አነበበች፤ «እስከ ዕለተ ሞታቸው» ላይ ስትደርስ ገለበጠችው።

«መሪጌታ ሩፋኤል አሥራ ሦስት ዓመት ከደብሩ ውጭ ኖሩ። ሩቅ አልሄዱም፤ በመኪና ስድስት ደቂቃ ነው። ሁለቱም ወገን ሌላው ይጥራቸው ብሎ ጠበቀ። እሳቸውም ጠበቁ። ዛሬ በደብሩ የሚቀድሱትን ልጆች ያስተማሩት በፍርዶስ ሱቅ ጓዳ ነው።»

ጋሽ ጀማነህ አንገታቸውን ደፉ።

«ስልኩን አንሥቼ ነበር» አሉ በመጨረሻ፣ ለማንም ሳይሆን። «ስንቴ አንሥቼ ነበር።»

ለዚህ የሚሆን ስለታም ቃል ምላሷ ጫፍ ላይ ነበር። ዋጠችው። ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች።

ፍርዶስ ሞተሩን አስነሥታ እጇን ታሞቃለች። ሐምራዊት የፊቱን በር ከፍታ ገባች።

«ምን ሆንሽ ሐምርዬ? በዚህ ብርድ!»

«አነበብኩት። አንቺ ብቻ ነሽ ያልሰማሽው።»

ወንበሩ እስከ ጥግ ወደ ኋላ ተገፍቷል። አባቷ ረጅም ነበር፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ከሱቅ ወደ ቤት የምታደርሰው ፍርዶስ ነበረች። ሐምራዊት ጀርባዋን ስታስደግፍ እግሯ ፊት ለፊት ምንም ሳይነካ ቀረ።

«ቆይ ላስጠጋልሽ» አለች ፍርዶስ፣ ወደ ማንሻው ጎንበስ እያለች። «ከመጨረሻዋ ቅዳሜያቸው ወዲህ ማንም አልተቀመጠበትም።»

ሐምራዊት እጇን ያዘቻት።

«ተይው።»

እግሯን የቻለችውን ያህል ዘረጋችና ወረቀቱን ከመጀመሪያው መስመር ማንበብ ጀመረች።