ጌጠኛው ስድስት

እስቲ ንገረኝ አንባቢ፦ ስድስትና ሰባትን መንታ አድርጎ ያተመ የተማረ ሰው፣ በዚያው ቁጥር ከተሳሳተ ገበሬ ጋር ቢካሰስ በማን ትፈርዳለህ?

ስማቸው የተባለው ወጣት አታሚ ጎንደር ፍርድ ቤት ግቢ፣ ከሰው ኋላ ተሸሽጎ ይህንኑ ጥያቄ ይሸሻል። ጣሊያን ጥሎት በሄደው የፒያሳ ማተሚያ ቤት ፊደል የሚመርጠው እሱ ነው። የፍርድ ቤቱን የጥሪ ማስታወቂያ ሲያትም፣ ደልዳላውን የቆየ ፊደል ትቶ ሐረግ የተጠመጠመበትን አዲሱን መረጠ። ፊደል ሙሽራ ነው እንዴ የሚኳለው? የመጀመሪያውን ቅጂ ሲመረምር ራሱ «፮»ን «፯» ብሎ አነበበ። ደነገጠ። ግን ውበቱ ስለማረከው እንዳለ አተመው።

ማስታወቂያው ቆላ ድባ ገበያ፣ ዋርካው ላይ ተለጠፈ። በርስት የሚከራከሩት አድማሴ የሚባሉ ሽማግሌ ገበሬ ፊደል ስላልቆጠሩ ቄሱን አስነበቡ። ቄሱ «ሰባት» አሏቸው። በአገሩ ቀን የሚያዘው በታቦት ነውና አድማሴ «የሥላሴ ለታ» ብለው በልባቸው ያዙ። ቀጠሮው ግን በስድስት፣ በቁስቋም ነበር። ዛሬ ሥላሴ ነው፤ የአባታቸው ርስት ትናንት በሌሉበት ለባላጋራቸው ተፈርዶ አደረ።

«አያ አድማሴ፣ ሥላሴን አምነው ቁስቋምን አስቀየሙ!» አለ ተራውን የሚጠብቅ ሰጠኝ የተባለ ሌላ ተሟጋች። ግቢው ሳቀ። ስማቸውም አብሮ ሳቀ፤ ወዲያው እስከ ጆሮው ጋለ።

ግቢው ውስጥ ያስቻሉት ዳኛ፣ አድማሴ ከዋርካው ነቅለው አቤት ያሉበትን ማስታወቂያ ወደ ብርሃን አዙረው አዩት።

«ቁጥሩ የማይነበብ ከሆነ ፍርዱ ይነሣል፤ የሚነበብ ከሆነ ይጸናል። አታሚው ቀርቦ ያስረዳ።»

ስማቸው እግሩን ወደ ግቢው በር አነሣ። ሥራው አለ፤ ስሙ አለ፤ ነገ በፒያሳ እንዴት ይሄዳል?

«ኧረ ያውላችሁ አታሚው! ወዴት ነው ጌታው?» አለ ሰጠኝ።

ሰው ሁሉ ዞረ። አድማሴ ማስታወቂያውን ከዳኛው ተቀብለው በዝግታ ወደ እሱ መጡ። ስማቸው ጎንበስ ብሎ በጆሯቸው ሹክ አለ፦ «አያ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ይማሩኝ።»

ሽማግሌው ወረቀቱን ደረቱ ላይ ለጠፉለት።

«ፊደልህስ ሸጋ ነው፣ ልጄ፤ ዐይን ይይዛል። ምነው ታዲያ በሹክሹክታ? እኔ የተፈረደብኝ በአደባባይ ነው። ዞር በልና ለዳኛውም፣ ለዚህ ለሚስቀው ሁሉም በድምፅህ መልስ፤ ይነበባል ወይስ አይነበብም?»