ማሽኑን ያሞኙት ሙሽሮች

እኔ ዋርሲያ ያስዋብኳትን ሙሽራ የገዛ አክስቷ አይታ «ይቺ ደግሞ የማን ልጅ ናት?» ካላለች ምኑን ሠራሁት! እዚህ ኢንዶኔዥያ፣ ዮግያ ከተማ የሙሽራ አስዋቢ ክብሩ ይኼ ነው፤ ለዘመድ እስክትጠፋ መለወጥ። ግንባሯን በጥቁር ቅብ ቀርጬ ጠርዙን በወርቅ ስከብበው፣ ቅንድቧን እንደ አጋዘን ቀንድ ባለ ቅርንጫፍ አድርጌ ስስለው፣ ትናንት በሞተር ብስክሌት ስትበር የነበረችው ልጅ የለችም።

ልጄ ራትሪ ግን ተቃራኒውን ሥራ ያዘች። የጃካርታ ደሞዟን ጥላ መጣችና የፎቶ ማደራጃ ፕሮግራም ጻፈች። ፕሮግራሙ ፎቶዎቹን ክላውድ ወደሚሉት የሩቅ ኮምፒውተር ይልካል፤ እዚያ ያለው ሰው ሠራሽ አስተውሎት ፊት ለይቶ ማን የትኛው ፎቶ ላይ እንዳለ ይናገራል። ፕሮግራሙን ከእሷ ሊገዛ ያሰበው አቶ ሱገንግ ብቻ ነው፤ የኔን ሙሽሮች የሚያነሳው የሰርግ ፎቶ አንሺ። «ቅዳሜ አሳዪኝ፤ ካልሠራ የጃካርታዎቹን ፕሮግራም እገዛለሁ» ብሏታል። እሱ እምቢ ካለ ተመልሳ ጃካርታ መሄዷ ነው።

ሐሙስ እሱ ባነሳቸው የቆዩ የሰርግ ፎቶዎች ሞከረችው። አጎቶቹን፣ ሕፃናቱን፣ ወጥ የሚያቀርበውን ሰው ሳይቀር ለየ። ሙሽሮቹ ጋ ሲደርስ ግን ሁሉንም አንድ ሴት አደረጋቸው።

ሳቄን መያዝ አቃተኝ። «እሰይ! እሱም ጠፋበት!»

«እማዬ፣ ምኑ ነው የሚያስቀው?»

«ዓለምን ያወቀ ማሽን እጄ ሲያሞኘው አልሳቅ?»

«እጅሽ እንጀራዬን ሊዘጋብኝ ነው!» አለችና እንባዋ መጣ።

በሕይወቴ ብዬው የማላውቀውን አልኩ፦ «ቅቡን ትንሽ ላቅልልልሽ?»

«ሞቼ ነው የምታቀልዪው!» ብላ ጮኸችብኝ። «ያንቺ ሥራ ምንም አልጎደለው። የሚስተካከለው የኔው ነው።»

ከዚያ በኋላ ምን ብላት አልሰማችኝም፤ ፎቶዎቹ ላይ አፈጠጠች። በሰርጉ ዋዜማ ወላጆች ሙሽራዋን ውሃ እያፈሰሱ ሲያጥቧት ፊቷ ገና ቅብ አልነካውም። ማሽኑ እሷንም ወላጆቿንም ከዚያ እንዲያውቅ አደረገችው። በማግስቱ በሰርጉ ዕለት ፎቶ ላይ ደግሞ ያጌጠችውን ሴት ፊት ትቶ፣ ከነማን ጉልበት ሥር ተንበርክካ እንደምትመረቅ እንዲያይ አስተማረችው። የወላጆቹን ፊት እኔ ብዙም ስለማልነካው፣ ማሽኑ በእነሱ በኩል ሙሽራዋ ማን እንደሆነች ያውቃል።

ቅዳሜ አቶ ሱገንግ የአንዷን ሙሽራ ስም ጻፈ። ከእጥበቱ እስከ ምርቃቱ ያለው ፎቶዋ ተደርድሮ መጣ። ሌላ ጻፈ፤ እሷም መጣች። ሦስተኛዋን ከጻፈ በኋላ ወንበሩን ወደኔ አዞረና ሳቀ።

«ወይዘሮ ዋርሲያ፣ ዘንድሮስ ተሸነፉ! ሙሽሮችዎ ታወቁብዎት።»

ልጄ ሥራዬን ላለመንካት ስትል ምን ያህል እንደደከመች እሱ አያውቅም። ደረቴ በኩራት ሊፈነዳ ነበር።

«ለጃካርታዎቹ ማሽን ልሸነፍ ነበር እንዴ?» አልኩት። «ያሸነፈችኝ የወለድኳት ናት። በል የግዢውን ውል ፈርምላት!»