ሰማያዊው ነበልባል

በሰሜን ፊንላንድ ውርጩ የመስኮቱን መስታወት በበረዶ ለብጦታል። ከከተማ ተድራ የመጣችው ካይሱ ሕፃን ልጇን በብርድ ልብስ ጠቅልላ ታቅፋለች። በድንጋዩ ምድጃ ውስጥ በርች ከሚባለው ዛፍ የተፈለጠው እንጨት ነዶ ፍም መሆኑን ባየች ጊዜ፣ ሙቀቱ ሾልኮ እንዳያልቅ የጭስ ማውጫውን መዝጊያ ልትገፋ እጇን ሰደደች።

«ተይ! እጅሽን መልሺ!» አሉ አማቷ ሳይማ።

«እማማ፣ የልጁ ከንፈር እኮ ጠቆረ!»

«እና ቤቱን አሙቀሽ እኛን ልታቀዘቅዢን ነው? ይልቅ ጎንበስ ብለሽ እዪ።»

ካይሱ ወደ ምድጃው አፍ ተመለከተች። በፍሙ ላይ ሐር የመሰለ ስስ ሰማያዊ ነበልባል ድምፅ ሳያሰማ ይርገበገባል። እንዲህ ያለ ውበት በዕድሜዋ አላየችም።

«እሱ ሳይጠፋ የዘጋ ሰው ተኝቶ ይቀራል። ከፍሙ የሚወጣው መርዝ ቤት ውስጥ ይታፈናል፤ ሽታ እንኳ የለውም» አሉ ሳይማ።

ካይሱ ሕፃኑን በጉያዋ ሸሽጋ፣ እየተንቀጠቀጠች ጠበቀች። ሰማያዊው እየሳሳ ሄዶ ጠፋ፤ ፍሙም ቀይ ብቻ ሆነ።

«አሁን ዝጊ፣ የኔ ችኩል።»

ዘጋች። የምድጃው ድንጋይ የዋጠውን እሳት ቀስ በቀስ ይመልስ ጀመር፤ የሕፃኑም ከንፈር ቀላ። ካይሱ መዳፏን በድንጋዩ ላይ አሳረፈች፤ ከአንድ ፍም ሕይወትም ሞትም እንደሚወጣ በዓይኗ አይታለች።