ስምረት ያልላከቻቸው ሽማግሌዎች

ስምረት ያን ዕለት ጠዋት ወደ ፋብሪካው ስትገባ ቁርጧን አውቃ ነበር። አትሄድም። ሐዋሳ ይቅርባት። ስንት ሳምንት እንቅልፍ የነሳትን ነገር ማታ አልጋዋ ላይ ተጋድማ ጨርሳዋለች። «ስላሰባችሁኝ አመሰግናለሁ፤ ግን አልችልም» የምትለውንም ቃል ከሰፈሯ ከሳቢያን እስከ ፋብሪካው ባጃጅ ውስጥ ስታጠናው ነው የመጣችው። ሾፌሩ ስልክ የምታወራ መስሎት ሬዲዮኑን ቀነሰላት።

እምቢ ለማለት ቀላል ሥራ አልነበረም። ፓስታና ብስኩት የሚያመርተው ድርጅታቸው ሐዋሳ ላይ አዲስ ፋብሪካ ከፍቷል፤ የጥራት ቁጥጥሩን በኃላፊነት እንድትይዝለት የመረጠው ደግሞ እሷን ነው። ድሬ ዳዋ ላይ እስከ ጡረታ ብትቆይ የማታገኘው ወንበር ነው። ቢሆንም አባቷ ክፍሉ አለ። ሚስቱን ከቀበረ ወዲህ ቤቱ ውስጥ ከስምረት በቀር ሰው የለውም፤ አቧራ በተነሳ ቁጥር ደረቱ እንደ አሮጌ ባቡር ያፏጫል። ሐዋሳ ሐይቅ አላት ይባላል፤ ይኑራት። የድሬ ወንዝ ዓመቱን ሙሉ አሸዋ ቢሆንም ስምረት ያደገችበት አሸዋ ነው። እንዲህ እንዲህ ብላ ነው ለመቅረት የቆረጠችው። ማንም አልገፋትም፤ ለዚህም ነው ጠዋት ቀለል ብሏት የተነሳችው።

ሥራ አስኪያጁ ሰይፈ ሚካኤል ገና ወንበር ሳትይዝ ፈገግ አለላት።

«አትሸማቀቂ ስምረት፤ ነገሩ አልቋል። ትናንት ከሰዓት ሽማግሌዎችሽ መጥተው ነበር።»

«የማን ሽማግሌዎች?»

«ያንቺ ናቸዋ። ሦስት ሆነው መጡ። ቁጭ በሉ ብላቸው፣ ልጃችንን ተዋት፣ እሺ ካላልከን አንቀመጥም አሉ። እኔ እንግዲህ ጎጃም ነው ያደግሁት፤ ሽማግሌ ፊቴ ቆሞ እምቢ ማለት አልችልበትም። ቃሌን ሰጠኋቸው። ከሰዓት በኋላ ባንቺ ቦታ የዘርዓብሩክን ስም ለዋናው ቢሮ አሳልፋለሁ።»

ዘርዓብሩክ! ዱቄት ባየ ቁጥር የሚያስነጥሰው ዘርዓብሩክ!

«እነሱ እኔን ጠይቀውኛል? እርስዎስ ጠይቀውኛል?»

«አንቺማ ፊት ለፊት እምቢ ማለቱ አሳፍሮሽ በአባትሽ በኩል የላክሻቸው መስሎኝ» አለ ሰይፈ ሚካኤል፤ ፈገግታው መጥፋት ጀመረ። «አባቷ ናቸው የላኩን አሉ።»

ስምረት ባጃጅ ውስጥ ያጠናችውን ቃል ተወችው። ዝም ብላ «እግዜር ይስጥልኝ» ብላ ብትወጣ ነገሩ ያው ይሆን ነበር፤ እሷ ቤቷ፣ ዘርዓብሩክም ሐዋሳ። ያው ግን አይደለም። አልሄድም ማለትና አትሄጂም መባል አንድ የሚመስለው ሁለተኛው ያልደረሰበት ሰው ነው።

«ስሜን ይመልሱልኝ» አለች።

«ለሽማግሌ የሰጠሁትን ቃል እንዴት አድርጌ ላጥፍ? ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። ራሳቸው መጥተው ቃሌን ከመለሱልኝ እሺ። አለዚያ አላደርገውም።»

በሩን እንዴት እንደዘጋችው የቢሮው ሰው ሁሉ ሰምቷል።

ከሽማግሌዎቹ አንዱ ማን እንደሚሆን ለማወቅ ጠንቋይ አያስፈልጋትም። ሳቢያን ውስጥ የተጣላ ባልና ሚስት፣ የተከፋ አከራይ፣ ያኮረፈ ልጅ ባለበት ሁሉ ወርሳሜ አይጠፋም። የጨርቃ ጨርቅ ሱቁ ከቤታቸው ፊት ለፊት ነው። ስትደርስ ፀሐዩ ከርሮ፣ ወርሳሜ እንደ ድሬ ነጋዴ ሁሉ ሱቁን ዘግቶ ጥላ ሊፈልግ የብረት በሩን ወደ ታች እየጎተተ ነበር።

«አባዮ! በዚህ ፀሐይ ምን ሆነሽ ነው አቦ?» አለ ወርሳሜ፤ አባዮ በሶማሊኛ እህቴ ማለት ነው።

ድሬ ላይ አንቱታ ብዙ ቦታ የለውም፤ አባትንም ጎረቤትንም አንተ ማለት ፍቅር ነው። ያን ቀን ግን ከስምረት አፍ የወጣው «አንተ» የፍቅር አልነበረም።

«አንተ ማን ነህና ነው በኔ እንጀራ የምትገባው?»

ወርሳሜ የብረት በሩን ለቀቀው። «ወላሂ አባትሽ ነው የላከን። ልጄ መሄዱን አትፈልግም፣ እምቢ ማለቱ አሳፍሯት ነው አለን። እኛ ደግ የሠራን መስሎን…»

«እኔን ለመጠየቅ መንገድ መሻገር ብቻ ነበር የሚጠበቅብህ!»

«ሽማግሌ ሙሽራዋን አይጠይቅም አባዮ፤ የላከውን ሰው ነው የሚሰማው።»

«ሙሽራ አይደለሁም! ፀጉሬ የሸበተ ሴት ነኝ! ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት ማለት እናንተ ናችሁ።»

«ኧረ ተልከናል!» አለ ወርሳሜ፤ እውነቱን ነው።

ሄደው ለሥራ አስኪያጁ ቃሉን እንዲመልሱለት ጠየቀችው። ወርሳሜ ራሱን ነቀነቀ። የላካቸው ክፍሉ ነው፤ እሱ ሳይፈታቸው መልእክቱን ቢያፈርሱ ነገ ማን አምኖ ይልካቸዋል?

«እንግዲያው እኔ ልላካችሁ» አለች። «ወደ እሱ።»

ወርሳሜ ሳቀ፤ ዓይኗን ሲያይ ሳቁን ዋጠው። «ሴት ልጅ በአባቷ ላይ ሽማግሌ ስትልክ አይቼ አላውቅም።»

«ዛሬ ታያለህ።»

ሌሎቹ ሁለቱ ሽማግሌዎች እንደ ክፍሉ የምድር ባቡር ጡረተኞች ናቸው። ወርሳሜ ከየጥላቸው ቀስቅሶ አመጣቸው፤ አንደኛው ምሳውን እንኳ አልጨረሰም። ክፍሉ ሽርጡን አገልድሞ ግቢው ውስጥ ከኒሙ ዛፍ ሥር ተቀምጧል። ሲያያቸው ፊቱ በራ።

«ምስጋና ልትቀበሉ መጣችሁ? ቁጭ በሉ!»

«አንቀመጥም» አለ ወርሳሜ።

ክፍሉ መጀመሪያ ቀልድ መሰለው። ከኋላቸው ስምረትን ሲያይ ግን ሳቁ ቆመ።

«ዛሬ የተላክነው ወደ አንተ ነው» አለ ወርሳሜ መሬት መሬቱን እያየ። «ልጅህ ናት የላከችን። ፍታን፤ ሄደን ለሰውየው ቃሉን እንመልስለት።»

«በኔ ላይ? ሽማግሌ በኔ ላይ?» ክፍሉ ብድግ አለ። «በአባትሽ ላይ?»

«ማታ እራት ስንበላ ታውቅ ነበር!» ስምረት ጮኸች። ጎረቤት ይስማ አይስማ ግድ አላላትም። «ትናንት ከሰዓት አስጨርሰኸው፣ ማታ ፊት ለፊቴ ቁጭ ብለህ ጨው አቀብዪኝ ትለኛለህ! አንድ ቃል እንኳ አልተነፈስክም!»

«ለአንቺው ብዬ ነው! እኔን አዋሽ ሊያዛውሩኝ ሲሉ እናቴ ሽማግሌ ልካ አስቀረችኝ። ታዲያ ምን ሆንኩ?»

«ምን እንደሆንክማ በየበዓሉ ነግረኸናል። ሄጄ ቢሆን የጣቢያ ሹም እሆን ነበር፣ ሄጄ ቢሆን እንዲህ እሆን ነበር እያልክ እናቴን እድሜ ልኳን ስታንገበግባት ኖርክ። አንተን ያስቀረችህ እሷ ይመስል!»

ጡረተኞቹ እርስ በእርስ ተያዩ። እነሱም በየበዓሉ ሰምተውታል። ክፍሉ የሽርጡን ጫፍ አጠበቀ፤ ደረቱ ማፏጨት ጀመረ።

«ብቻዬን ልሙት እንዴ?» አለ ቀስ ብሎ።

ይህችን ቃል ማታ ብሏት ቢሆን ስምረት አልቅሳ ታቅፈው ነበር። አሁን ግን ቃሉ ከሦስት ሽማግሌ በኋላ መጣ፤ ይህም ይብስ አናደዳት። ወርሳሜ የቆመበትን እግር ቀየረ።

«ክፍሉ፣ ፀሐዩ ጨረሰን አቦ። ፍታን ወይም አሳፍረህ መልሰን።»

እነሱን አሳፍሮ መመለስ ለክፍሉ የሞት ያህል ነው። «ፈትቻችኋለሁ! ሂዱ! ከፈለጋችሁ እናንተው የሐዋሳ መኪና ላይ አሳፍሯት!» አለ። ከዚያ ወደ ስምረት ዞረ። «ሂጂ! ልብሽማ ከሄደ ቆየ። ትናንት ማታም እንቅልፍ አጥተሽ ስትገላበጪ ሰምቼሻለሁ፤ ሐዋሳ ሐዋሳ ስትይ ነው ያደርሽው።»

«ማታማ ልቀር ወስኜ ነው የተኛሁት።»

ክፍሉ አልገባውም።

«ዛሬ ጠዋት ሥራ አስኪያጁ ዘንድ የገባሁት አልሄድም ልለው ነበር። ላንተ ብዬ። ማንም ሳይልከኝ።»

ወርሳሜ «ያ አላህ» ብሎ እጁን ራሱ ላይ ጫነ። የክፍሉ ፊት መጀመሪያ ሊስቅ፣ ከዚያ ሊያለቅስ ዳዳው።

«ታዲያ ምን ያጨቃጭቀናል?» አለ ክፍሉ፤ እጁን ዘረጋላት። «ቅሪያ ልጄ! ያሰብሽው ከሆነ አሁንም ቅሪያ!»

ስምረት የተዘረጋውን እጅ አየችው። ልትይዘው ፈልጋ ነበር፤ ይህን ማንም ሊክድባት አይችልም። ንዴቷ ግን ገና አልበረደም።

«አሁን ብቀር አንተ ያስቀረኸኝ ነኝ» አለች። «ጠዋት ተነስቼ ፊትህን ባየሁ ቁጥር ይህ ነው ትዝ የሚለኝ። እናቴ ላይ ያደረግኸውን እኔ ባንተ ላይ ላድርገው? አላደርገውም። እሄዳለሁ።»

እጁ እንደተዘረጋ ቀረ። ስምረት ፊቷን አዙራ ሽማግሌዎቹን አስቀድማ ወጣች። መንገድ ላይ ያስቆመችው ባጃጅ ከኋላ የሚይዘው ሦስት ሰው ስለሆነ ሽማግሌዎቹን ኋላ አስገብታ፣ እሷ ከሾፌሩ ጎን ጠጋ ብላ ተቀመጠችና ወደ ፋብሪካው እንዲነዳ ነገረችው።