ልሙጡ የማን ነው?

ከዘመሮ የግማሽ ቀን መንገድ በምትርቅ አንዲት የሚካኤል አጥቢያ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ውጭ፣ ትልቁ ጥድ አጠገብ አንድ ድንጋይ አለ። ስሙ ልሙጡ ነው። ጥቁር፣ ክብ፣ ወንዝ ያለሰለሰው፤ ጣት የሚገባበት ስንጥቅ፣ እጅ የሚይዘው ጆሮ የለውም። ክብደቱን መዝኖ ያወቀ የለም። አንድ ኩንታል ገብስ ብድግ አድርጎ ዳገት የሚወጣ ጎረምሳ ልሙጡ ዘንድ ሲደርስ አፍሮ ይመለሳል፤ ልሙጡ ወገብ ብቻ አይበቃውም፣ ጣት ይፈልጋል።

ሥርዓቱ እንዲህ ነው። በጥምቀት ማግስት ታቦቱ ወደ መንበሩ ከገባ በኋላ ሕዝቡ ጥዱ ሥር ይሰበሰባል። የፈለገ ይሞክራል። ድንጋዩን አንስቶ፣ ደረቱ ላይ አድርሶ፣ መሪጌታ መርስዔ ኃዘን «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ»ን ሦስት ጊዜ እስኪሉ ቀጥ ብሎ መቆም አለበት። መሪጌታ ደግሞ አይቸኩሉም፤ ሆን ብለው ዜማ ይጨምሩበታል እየተባሉ ይታማሉ። ሦስቱን የጨረሰ ሰው ድንጋዩን የፈለገበት ወስዶ ያስቀምጠዋል፤ ሌላ አንሺ እስኪመጣ ድረስም ማንም ከዚያ ቦታ አያነቃንቀውም። ከዚያ በኋላ በየዓመቱ መሪጌታ «ልሙጡ የማን ነው?» ብለው ይጠይቃሉ፣ ሕዝቡም የዚያን ሰው ስም ይጠራል። ሽልማቱ ይኸው ነው። ለዚህች ብሎ ስንት ወንድ ወገቡን ተቀጭቷል።

ወሰኔ ያቺን ጥሪ ከልጅነቱ ጀምሮ ይመኛት ነበር። ጎረቤቱ ተገኘም እንዲሁ። ሁለቱ በአንድ ዓመት የተወለዱ፣ አብረው ያረሱ፣ አብረው ያጨዱ ናቸው። ጣታቸውን የሚያጠነክሩት ከበግ ሱፍ በሚሠራው ወፍራም ብርድ ልብስ፣ በዝተት ነበር። የታጠበ ዝተት ውኃ ጠጥቶ ሲከብድ አንዱ በዚህ ጫፍ፣ ሌላው በዚያ ጫፍ ይይዙና በየፊናቸው ይጠመዝዙታል፤ ሱፉ ይጨመቃል፣ ውኃው ይንዠቀዠቃል፣ መጀመሪያ የለቀቀ ተሸናፊ ነው። የሠፈሩ ሴቶች በዚህ ተጠቅመው ዝተታቸውን ሁሉ ያስጨምቋቸው ነበር። ወሰኔ አንዳንድ ቀን ያሸንፍ ነበር፤ ብዙውን ጊዜ ግን የሚለቀው እሱ ነው። ተገኘ አንዴ የያዘውን አይለቅም።

በሰባ ስድስት ዓመተ ምሕረት ጥምቀት መጀመሪያ ወሰኔ ሞከረ። አነሳው፣ ደረቱ ላይ አደረሰው፣ በሁለተኛው እግዚኦ ላይ ጣቶቹ ከዱት። ቀጥሎ ተገኘ ገባ። ሦስቱንም ከነዜማቸው ቆሞ ሰማ፤ ከዚያም ድንጋዩን ታቅፎ ሴቶቹ ወደ ቆሙበት ሄደና ከእናቱ ከእትዬ ጥሩሸዋ እግር ሥር አስቀመጠው። «በዓል በመጣ ቁጥር ቆመሽ አትደክሚ፣ መቀመጫ ይሁንሽ» አላቸው። ሰው ሳቀ። ወሰኔ ቅናቱ እያንገበገበውም ቢሆን ሳቀ።

በዚያው ዓመት ግንቦት ላይ ብሔራዊ ውትድርና መጣ። የገበሬ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ዳኜ ሕዝቡን ሜዳ ላይ ሰበሰበና ከዚያ ጎጥ አንድ ሰው እንደሚፈለግ፣ በዕድሜም በጤናም የተገኙት ሁለት መሆናቸውን ተናገረ። ተገኘና ወሰኔ። ዳኜ ክፉ ሰው አልነበረም፤ መምረጡ ጨንቆት ወረቀቱን ሲያገላብጥ ቆየ። በመጨረሻ ቀልድ ይሁን ምር ባልለየ ድምፅ «እሺ፣ ልሙጡ የማን ነው?» ሲል ጠየቀ።

ሕዝቡ እንደ ለመደው ባንድ አፍ «የተገኘ ነው!» ብሎ መለሰ።

ምን እንዳሉ የገባቸው አፋቸውን ከዘጉ በኋላ ነው። ዳኜ ስሙን ጻፈ። ከመለሱት ሁሉ ጮክ ያለው ድምፅ የወሰኔ ነበር። አስቦ አልነበረም፤ ያቺ ጥያቄ ስትጠየቅ አፉ ከልጅነቱ ጀምሮ የሚመልሳት ስለ ሆነ ብቻ ነው። ይህን እግዜር ያውቃል። ወሰኔ ግን እግዜር ማወቁ አላጽናናውም።

ተገኘ መሃል ሜዳ ከተማ ላይ መኪና ሲሳፈር ወሰኔ ሸኝቶታል። ተገኘ ከላይ ሆኖ እጁን ዘረጋለትና ጨበጠው፤ ጠበቅ አድርጎ፣ ዝተት እንደሚጨምቅ። «እስክመጣ ልሙጡን እንዳትነካብኝ» አለው እየሳቀ። በተከታዩ ዓመት ከኤርትራ አንድ ደብዳቤ መጣ፤ ደህና ነኝ የሚል ነው። ከዚያ በኋላ ምንም አልመጣም።

በሰባ ሰባት ረሀብ ነበርና ድንጋይ ለማንሳት ያሰበ አልነበረም። መሪጌታ ጠየቁ፣ ሕዝቡ ስሙን ጠራ፣ ወደ ቤቱ ተበተነ። በሰባ ስምንት ገብሱ ደህና ስለ ሆነ ወሰኔ ወደ ልሙጡ ቀረበ። ሊያነሳው ቆርጦ ነበር። ጎንበስ ብሎ ጣቶቹን ከሥሩ ሲያስገባ ድንጋዩ መጣለት። አንሺ የሆነ ሰው ይህን ያውቃል፤ ገና ከመሬት ሳይላቀቅ እሺ ማለቱ ይሰማል። ዕድሜውን ሙሉ የጠበቃት ደቂቃ ይህች ነበረች።

ቀና ሲል እትዬ ጥሩሸዋን አያቸው። ነጠላቸውን አገጫቸው ሥር ጨብጠው የመሪጌታን አፍ ነበር የሚያዩት። የልጃቸው ስም በዓመት አንድ ጊዜ በአደባባይ የሚጠራው በዚያች ሰዓት ብቻ መሆኑ ለወሰኔ ያን ጊዜ ነው የታወቀው። ጣቶቹን ፈታ። ድንጋዩ ወደ ቦታው ዱብ አለ።

«አልሆነም» አለ።

በሰባ ዘጠኝም አልሆነም፣ በሰማንያም አልሆነም። የሠፈሩ ሰው «እግዚኦ ሁለት» የሚል ቅጽል አወጣለት፤ ያኔ በሰባ ስድስት ሁለተኛዋን ስላላለፈ ነው። ሚስቱ አልጣሽ ጠላ ቤት በር ላይ ባለፈች ቁጥር ይህን ስትሰማ ታርራለች። «ካቃተህ ለምን አርፈህ አትቀመጥም? የግድ መሳቂያ መሆን አለብህ?» ትለዋለች። እሱ ደግሞ እንዳይቀር የሚፈራው ነገር ነበር። የሚሞክር ከጠፋ ጥያቄውም ውሎ አድሮ ይቀራል። ስለዚህ በየዓመቱ እየወጣ ይለቀዋል።

ከመሳቂያነቱ ይልቅ የከበደው ሌላ ነው። ተገኘ ናፈቀው። ሚስት ያለችው፣ ልጆች ያሉት ሰው ጎረቤት ናፈቀኝ ብሎ አያወራምና ለማንም አልተናገረውም። ዝተት ሲታጠብ አንዱን ጫፍ ከጥድ ግንድ ጋር እያሰረ ብቻውን ይጠመዝዘዋል። ግንዱ አይለቅም፣ አይስቅም፣ «ደከመህ እንዴ?» አይልም። አንዳንዴ መሃል ላይ ይተወውና ዝተቱ እየተንጠባጠበ ቆሞ ያየዋል።

በሰማንያ አንድ፣ ጥምቀት ሊገባ አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ እትዬ ጥሩሸዋ አውድማው ድረስ መጡ። ወሰኔ ገለባ እየሰበሰበ ነበር።

«ልጄ፣ ዘንድሮ አንሳው» አሉት።

«ምኑን እትዬ?»

«አታሞኘኝ። ሦስት ዓመት ሙሉ ስትለቀው አይቻለሁ።»

«አቅቶኝ ነው እንጂ…»

«ተገኘን ያሳደግሁት እኔ ነኝ። ሌላው ሰው ፊት ያያል፣ እኔ የማየው ጣት ነው። የምሩን የያዘ ሰው ጥፍሩ እንደ ነጭ ሽንኩርት ይነጣል። አንተ ድንጋዩን ስትጥለው ጥፍርህ ደም እንደ ሞላው ነው።»

ወሰኔ መንሹን መሬት ላይ አስተኛው።

«ደግ አድርገሃል፣ እግዜር ይስጥህ። ዓመቱን የምገፋው ያቺን ስም እየጠበቅሁ ነበር» አሉ እትዬ ጥሩሸዋ። «አሁን ግን አልቻልሁም። አምና ስንት ሰው እንደ መለሰ ሰምተሃል? ስድስት ነው። የዛሬ ጎረምሶች አያውቁትማ። የሚመልስ የሚጠፋበትን ቀን ቆሜ ከማይ ዘንድሮ ይብቃ። ደግሞስ ልሙጡ በስሙ ሳለ እንዴት ብዬ ተዝካሩን አወጣለሁ? የነፍስ አባቴን ብጠይቃቸው ‹ወረቀት መጥቷል ወይ?› አሉኝ። ወረቀት አልመጣ። ሞቷል ብዬ አላለቅስ፣ አለ ብዬ አልተኛ። ልሙጡ ሰው ከተለወጠ ያን ቀን ቁርጤን አውቄ አለቅሳለሁ። ሌላ ሰው ከሚያነሳብኝ አንተ አንሳልኝ።»

«እሺ እትዬ» አለ ወሰኔ።

እሳቸው ሄደው ብቻውን ሲቀር መጀመሪያ የተሰማው ደስታ ነው። ነውር ነው፣ ግን ተሰማው። ስሜ ይጠራል አለ በሆዱ። ወዲያው ደግሞ ተገኘ ትዝ አለውና ገለባው ላይ ተቀመጠ። አንድ ሳምንት ሙሉ ያንን ዝተት ከጥዱ ጋር አስሮ ጠመዘዘው።

ቀኑ ደረሰ። ታቦቱ ገባ፣ ሕዝቡ ወጣ። ልሙጡ አምስት ዓመት ከተቀመጠበት ቦታ ትንሽ ሰምጧል፤ ዙሪያውን ውርጭ ያደረቀው ሣር ከቦታል። ወሰኔ መዳፉን በአመድ አሸ። እትዬ ጥሩሸዋ ከወትሮው ራቅ ብለው ቆመዋል፤ ለልቅሶ እንደ ተዘጋጀ ሰው ነጠላቸውን አዘቅዝቀውታል።

ጎንበስ አለ። ድንጋዩ አልመጣለትም። እምቢ ማለቱ በጣቱ ተሰማው፤ ቢሆንም እየታገለ ከጉልበቱ አደረሰው፣ ከጉልበቱ ወደ ደረቱ ጎተተው፣ ቀና አለ። መሪጌታ ጀመሩ። የመጀመሪያዋ አለፈች። በሁለተኛዋ ክንዱ መንቀጥቀጥ ጀመረ። እንዳትለቅ፣ አለ ለራሱ፤ እንዳትለቅ። ሁለተኛዋም አለፈች። ሦስተኛዋ ላይ መሪጌታ ዜማዋን ሳያረዝሙ፣ እንዲያውም አዝነውለት ይመስላል፣ ቸኮል ብለው ገቡባት። ግን ጣቶቹ አንድ በአንድ ተከፈቱ። ሦስት ዓመት መልቀቅን ያስተማራቸው እሱ ራሱ ነበር።

ልሙጡ ወድቆ አንድ ክንድ ያህል ተንከባለለ።

«እድገት አለ! እግዚኦ ሁለት ተኩል» አለ አንዱ፣ ሰውም ፈነዳ። ወሰኔ መሬት መሬት እያየ ቆመ። ዓይኑ እንባ ሞልቶ ነበር። ሦስት ዓመት ሲስቁበት በሆዱ እችላለሁ ይል ነበር፤ አሁን ያቺ መጽናኛውም ተወሰደችበት። ይባስ ብሎ እኚህ እናት አንዲት ነገር ለምነውት አቃተው።

እትዬ ጥሩሸዋ ሰዉን እየገፉ መጡ። ሁለት እጆቹን ያዙና አዩአቸው። ጥፍሮቹ ነጭ ነበሩ፤ የሁለቱ ሥር ደም ቋጥሮ ነበር። ማንም ሳያይ በነጠላቸው ጠቀለሏቸው።

«ምን ያስቃችኋል?» አሉ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው። «ይህ ሰው ልሙጡን ማንሳት እየቻለ የልጄ ስም እንዳይጠፋ ሲል ነው የሚለቀው። ሦስት ዓመት ስትስቁበት ዝም ያለው ለኔ ብሎ ነው። ዛሬም ሆን ብሎ ተወልኝ።»

ሳቁ ጠፋ። አልጣሽ ከሴቶቹ መሃል ሆና ባሏን አዲስ ሰው እንደምታይ አየችው። ወሰኔ አይደለም ሊል አፉን ከፈተ፤ እትዬ ጥሩሸዋ በነጠላው ውስጥ እጁን ጫን አሉት። ያመዋል። አፉን ዘጋ።

አራት ሰዎች ልሙጡን እያንከባለሉ ወደ ቦታው መለሱት። መሪጌታ መርስዔ ኃዘን ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ልሙጡ የማን ነው?»

«የተገኘ ነው!» አለ ሕዝቡ። ስድስት ሰው አይደለም፤ ተገኘን በዓይኑ ያላየው ጎረምሳ ሁሉ ነው የጮኸው። የወሰኔ ድምፅ እንደ ያኔው ከሁሉም በላይ ነበር፤ ዛሬ ግን ምን እንደሚል እያወቀ ነው የጮኸው።

ሲመለሱ ቁልቁለቱ ላይ እትዬ ጥሩሸዋን ደረሰባቸው።

«እትዬ፣ የምሬን ነበር የያዝሁት።»

«አይቼዋለሁ።»

«ተዝካሩስ?»

ጥቂት ሄዱ። «እምቢ ያለው ተገኘ ነው እንግዲህ» አሉ። «ሕፃን ሆኖም ቀሚሴን ከያዘ ጣቱን ፈልቅቄ ነበር የማስለቅቀው።» ያዘቀዘቁትን ነጠላም ከትከሻቸው አንስተው እንደ ወትሮው አስተካከሉት።

በማግስቱ ወሰኔ እጁን ጨርቅ ጠቅልሎ ቤታቸው ሄደ። እትዬ ጥሩሸዋ ደጃፋቸው ላይ የተገኘን ዝተት አጥበው ድንጋይ ላይ ከምረውታል። ሲመጣ ንጹሕ ሆኖ ይጠብቀው ብለው በየዓመቱ የሚያጥቡት ነው። ዘንድሮ እንደማያጥቡት ቆርጠው ነበር።

«ና፣ አንዱን ጫፍ ያዝልኝ» አሉት።

ያዘ። እሳቸው በዚያኛው ጫፍ ሆነው በቀጫጭን ጣቶቻቸው መጠምዘዝ ጀመሩ፤ እሱም በዚህኛው። ውኃው ወረደ። ከአምስት ዓመት በኋላ ከወዲያ በኩል የሚስብ ሰው ተሰማው። ጠመዘዙት፣ ጠመዘዙት፣ እሳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ነበር።

መጀመሪያ የለቀቀው ወሰኔ ነው።